አዮን የተተኮሰበት መስታወት፦ ጉዳቱን ፈልጎ ማግኘት

አዮን ኢምፕላንቴሽን ሲያወሩት ቀላል ነው። ከአቶሙ ላይ ኤሌክትሮን ቀምታችሁ አዮን ታደርጉታላችሁ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ታስፈነጥሩታላችሁ። የፈለጋችሁት ቁስ ውስጥ ገብቶ ይቀበራል። ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሲሊከን ላይ ነጋ ጠባ የሚያደርጉት ነው። መስታወት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። አዮኑ የት ደረሰ ከሚለው ይልቅ እግረ መንገዱን ምን ሰባበረ የሚለው ነው ጊዜያችሁን የሚበላው።

እኔ ጀርመን ውስጥ የአዮን ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የመጡ የኛ ልጆች ናሙና ያስተኩሳሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ ግራፉን ይዘው ብቅ ይላሉ። ግራፉ ላይ ጉብ ያለውን ቦታ እያሳዩ «ይሄ ፒክ የምንድነው?» ይሉኛል። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ሳይተኮስ በፊት ለክታችሁት ነበር?» አብዛኞቹ አልለኩትም። እንግዲህ ከዚያው እንጀምር።

መስታወቱን እወቁት

መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም። የመስኮት መስታወት 70 ምናምን በመቶው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ነው። የቀረው በአብዛኛው የሶዲየምና የካልሲየም ኦክሳይድ ነው። ርካሽ ስለሆነ ሁሉም በሱ መጀመር ያምረዋል። እኔ አልመክርም። አንደኛ፣ ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል፤ ዋና ዋናዎቹ ጉድለቶች ደግሞ የሚታዩት እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ሶዲየሙ ቦታው ላይ አይረጋም። ጨረሩ ሲያርፍበት ይንቀሳቀሳል፣ ከገጹ አካባቢ ይመናመናል። ያያችሁት ለውጥ ከተሰበረ ቦንድ (አቶሞቹን ከሚያያይዘው ማሰሪያ) ይምጣ ከሸሸ ሶዲየም መለየት ጣጣ ነው።

የግድ የመስኮት መስታወት ነው ካላችሁ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጠፍጣፋ መስታወት የሚሠራው በቀለጠ ቲን ላይ እየተንሳፈፈ ነው። የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ያደረገው ዘዴ ነው። ቲኑን የነካው ገጽ ውስጥ ጥቂት ቲን ይቀራል። ጨለማ ክፍል ግቡና የ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት በጎን አብሩበት። አንደኛው ገጽ ወተት የተቀባ ይመስል ጭጋጋማ ብርሃን ያወጣል። የቲኑ ገጽ እሱ ነው። ምልክት አድርጉበትና በሌላኛው ገጽ ላይ አስተኩሱ። መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ ግን ያንን መብራት እንዳታበሩት።

ለጥናት የሚመረጠው ንጹሕ የሲሊካ መስታወት ነው። እሱም ቢሆን ዓይነት አለው። የተፈጥሮ ኳርትዝ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ የሚሠራው ሃይድሮክሲሉ (ሲሊከኑ ላይ የተያያዘ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን ሲወለድ ጀምሮ የኦክስጅን ጉድለት አለበት። ማንም ሳይተኩስበት 240 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል። በነበልባል ውስጥ ከኬሚካል የሚሠራው ሰው ሠራሽ ሲሊካ ከብረት የጸዳ ነው፤ ሃይድሮክሲሉ ግን በሚሊዮን እስከ 1000 ክፍል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን «ሲሊካ ላክልኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከምን ተሠራ፣ ሃይድሮክሲሉ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የመጣውን ወረቀት አስቀምጡ። ናሙናዎቹ በሙሉ ከአንድ ሳህን ይቆረጡ። ቢያንስ አንዱ ደግሞ ጨረር የሚባል ነገር ሳያይ ይቀመጥ።

መቁረጡም ከመተኮሱ በፊት ይለቅ። ሲሊካን በዳይመንድ ስትቧጭሩት ወይም ስትፈጩት ራሱ መፋተጉ ቦንድ ይሰብራል። አስተኩሳችሁ ስታበቁ ከቆረጣችሁት ጠርዙ ላይ የራሳችሁን ጉድለት ጨመራችሁበት ማለት ነው።

የሚሰበረው ምንድነው

ሲሊካ ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊከን አራት ኦክስጅን ይይዛል። እያንዳንዱ ኦክስጅን ደግሞ ሁለት ሲሊከኖችን እንደ ድልድይ ያገናኛል። የድልድዩ ማዕዘን በአማካይ 144 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ግን ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ክሪስታል ላይ ያለው ተደጋጋሚ ሥርዓት እዚህ የለም።

አዮኑ ጉልበቱን የሚጨርሰው በሁለት መንገድ ነው። ገና ሲፈጥን ኤሌክትሮኖችን ያናውጣል። እየደከመ ሲሄድ ከአቶሞቹ ጋር ይላተምና ከቦታቸው ያፈናቅላቸዋል። ሃይድሮጅንና ሂሊየምን የመሳሰሉ ቀላል አዮኖች አብዛኛውን በመጀመሪያው መንገድ ይጨርሳሉ። አርጎንን የመሳሰሉት በ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የአዮኑ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆኑ ግን ዋናው ነገር ግጭቱ ነው።

የሚቀረው ፍርስራሽ ስም አለው። ኦክስጅን ሲፈናቀል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የኦክስጅን ጉድለት የምለው እሱን ነው። ሦስት ኦክስጅን ብቻ ቀርቶት ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ያንጠለጠለ ሲሊከን ኢ-ፕራይም ይባላል። ሮበርት ዊክስ አሜሪካ ኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ጨረር ያረፈበት ኳርትዝ ላይ ምልክቱን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1956 አሳትሞታል። ድልድይነቱ ተቆርጦ አንድ ሲሊከን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኦክስጅንም አለ። ሁለት ኦክስጅኖች እርስ በርስ ተያይዘው የሚቀሩበት ደግሞ ፐሮክሲ ነው።

ከነዚህ በተጨማሪ መስታወቱ ራሱ ይጠቀጠቃል። ጤፍ ሲሰፈር ጣሳው ነቅነቅ ከተደረገ እህሉ ጎደል እንደሚለው ነው፤ የወጣ ነገር የለም፣ ግን ቦታው ጠበበ። ቦንዶቹ ተሰብረው እንደገና ሲገጣጠሙ ሲሊከንና ኦክስጅን የሚሠሯቸው ትናንሽ ቀለበቶች ይበዛሉ፣ ማዕዘኑም ይጠባል። በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.20 ግራም የነበረው እፍግታ 2 ወይም 3 በመቶ ይጨምራል። ብርሃን የሚሰበርበት መጠንም ከ1.46 ተነስቶ 1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ይሄ ለጥቅምም ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎች ሲሊካ ውስጥ ፕሮቶን ተክለው ብርሃን የሚጓዝበት መስመር መሥራታቸውን አሳትመዋል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አታደባልቁ። አንዱ የተሰበረ ቦንድ ነው፣ ሌላው የተጠቀጠቀ የአቶሞች መረብ ነው። የሚመጡበት ዶዝ፣ ማለትም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር የተተኮሰው አዮን ብዛት፣ ይለያያል። የሚጠፉበት ሙቀት ይለያያል። የሚታዩበት መሣሪያም ይለያያል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነሱን መለየት ነው።

ሒሳቡ ከማሽኑ ይቅደም

አዮኑ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያሰላውን ስሪም የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱ። ጄምስ ዚግለርና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው፣ በነጻ ይገኛል። እፍግታ ሲጠይቃችሁ 2.2 ብላችሁ ሙሉ። 2.65 የኳርትዝ ክሪስታል ነው፣ እሱን አትስጡት።

የ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አርጎን በአማካይ 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ ይገባል። የ2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሂሊየም ግን በርካታ ማይክሮሜትር ይወርዳል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ የትኛው መሣሪያ እንደሚያዋጣችሁ የሚወስነው እሱ ነው።

ስሪም የተፈናቀሉ አቶሞችንም ይቆጥርላችኋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለዚሁ አርጎን በአንድ አዮን ወደ 1000 የሚጠጋ ቁጥር ይሰጣችኋል። በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 10¹⁶ አዮን ተኮሳችሁ እንበል። ብታባዙት እዚያ ንብርብር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አቶም በአማካይ ወደ 10 ጊዜ ተፈናቅሏል ማለት ይሆናል። እውነት ነው፣ ተፈናቅሏል። ግን አብዛኛው ወዲያው መልሶ ይገጥማል። ስሪም ይህን መግጠም አያውቀውም። ሙቀት አያውቅም፤ ክሪስታልና መስታወት አይለይም፤ በኤሌክትሮን መናወጥ የሚመጣውን ጉዳትም አይቆጥርም። ከሱ ጥልቀቱንና የጉልበቱን ክፍፍል ውሰዱ። የመፈናቀሉን ቁጥር ግን «የጉድለት ብዛት» ብላችሁ ቴሲስ ላይ እንዳትጽፉ። ፈታኙ የሚያውቅ ሰው ከሆነ መጀመሪያ የሚይዛችሁ እዚያ ላይ ነው።

ዶዙን ከታች ጀምሩ

ተማሪ ሲመጣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «10¹⁵፣ 10¹⁶፣ 10¹⁷ አድርግልኝ።» ቁጥሩ ስለሚያምር ነው መሰለኝ። መጠቅጠቁ ግን ያኔ አልቆ አድሯል።

የሲሊካ መጠቅጠቅ የሚሞላው በግጭት የገባው ጉልበት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10²⁰ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። አርጎናችን 60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልቱን በግጭት፣ 0.15 ማይክሮሜትር ውፍረት ውስጥ ጨረሰ ብላችሁ አስሉት። መልሱ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ጥቂት 10¹³ አዮን ይሆናል። ከዚያ በኋላ መቶ እጥፍ ብትጨምሩበትም መረቡ ከዚህ በላይ አይጠቀጠቅም። ከ10¹⁵ የጀመረ ሰው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ያገኝና «ዶዝ ለውጥ አያመጣም» ብሎ ይደመድማል። ለውጡ እኮ ገና በር ላይ ሳለ ነው ያለፈው።

ስለዚህ ከ10¹² ተነሱ። 1፣ 3፣ 10፣ 30 እያላችሁ እስከ 10¹⁵ ውጡ። 10¹⁶ን ስታልፉ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። የተተከለው አዮን ራሱ በብዛት ድርሻ ይኖረዋል። ብር ከሆነ ተሰባስቦ ጥቃቅን ቅንጣት ይሠራና 400 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፣ መስታወቱም ቢጫ ይሆናል። ወርቅ ከሆነ 530 አካባቢ ነው፣ ወደ ቀይ ያደላል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ግን የጉድለት ጥናት አይደለም።

ማሽኑ ላይ

በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮ አምፒር ማለት በሰከንድ 6.24 × 10¹² አዮን ነው። በዚህ ከሄዳችሁ 10¹³ በ1.6 ሰከንድ ያልቃል። መዝጊያው ተከፍቶ እስኪዘጋ ስህተቱ ብዙ ነው። ጨረሩን ወደ 10 ናኖ አምፒር አውርዱትና በ160 ሰከንድ ይለቅ። ኤሌክትሮን የሚገታው ቮልቴጅም መብራቱን አረጋግጡ። ካልበራ ከዒላማው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የንባቡን ቁጥር ያሳብጡታል። ሰጠሁ ካላችሁት ዶዝ በታች ሰጥታችሁ ትወጣላችሁ።

መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የተጠራቀመው ቻርጅ ጨረሩን ይገፋዋል፣ ሲብስም ብልጭ ይላል። ማሽኑ ኤሌክትሮን የሚረጭ ነገር ካለው አብሩት። ከሌለው ናሙናውን ከዳር እስከ ዳር በብረት ማቀፊያ ያዙና ጨረሩን ዝቅ አድርጉ። ሙቀትም አለ። በ100 ኪሎ ቮልት 10 ማይክሮ አምፒር ማለት 1 ዋት ነው። ለሲሊከን ምንም አይደለም፤ ቫኪዩም ውስጥ ላለ ቀጭን መስታወት ግን ቀላል አይደለም። እየተኮሳችሁ እያሞቃችሁት ከሆነ የምትፈልጉትን ጉድለት ራሳችሁ እያጠፋችሁት ነው።

የናሙናውን ግማሽ በሲሊከን ስባሪ ሸፍኑ። ጠርዙ ስል መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ ይመጣል።

ደግሞ በትንሿ መስኮት አጮልቃችሁ እዩ። የክፍሉን መብራት አጥፉት። ሲሊካው ጨረር ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ያወጣል። እሱ 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የኦክስጅን ጉድለት ብርሃን ነው። 650 አካባቢ ያለው ቀይ ደግሞ ከተቆረጠው ድልድይ ይመጣል። ዶዙ እየጨመረ ሲሄድ ድምቀቱ ይለዋወጣል። ፋይበር አስገብታችሁ ስፔክትረሙን ከቀረጻችሁት ናሙናው ሳይወጣ መረጃ አገኛችሁ።

ሲወጣ ቡናማ እድፍ ካያችሁ አትደሰቱ። የሲሊካ ጉድለቶች ዋና ቦታቸው አልትራቫዮሌት ነው፣ ዓይን አያያቸውም። ቡናማው ብዙ ጊዜ ከፓምፕ ዘይት የመጣ ካርቦን ነው። ኦክስጅን ፕላዝማ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ከለቀቀ ቆሻሻ ነበር። የመስኮት መስታወት ላይ ከሆነ ግን ቡናማው እውነተኛ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በጨረር የሚጠቁር መስታወት ነው።

መለካት፣ በየተራ

ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን በመለካት ጀምሩ። ናሙናውን አይነካውም። ኢ-ፕራይም 214 ናኖሜትር አካባቢ ይውጣል። የኦክስጅን ጉድለቱ 248፣ የተቆረጠው ድልድይ 258 አካባቢ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ሰፋፊ ስለሆኑ አንዱ ሌላው ላይ ይተኛል። በኮምፒውተር ኩርባ ገጣጥሞ መለየት ይቻላል የሚል ሰው አለ። እኔ አላምነውም፤ በቂ ኩርባ ከሰጣችሁት ኮምፒውተሩ ዝሆንም ይገጥምላችኋል። ይልቅ በ248 ናኖሜትር ሌዘር አብሩበትና የሚያወጣውን እዩ። 280 እና 460 ላይ ከሆነ የኦክስጅን ጉድለት ነው፤ 650 ላይ ከሆነ የተቆረጠው ድልድይ ነው። ያልተተኮሰውን ወንድሙንም በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ አቀማመጥ ለኩት። የተጠቀጠቀው ንብርብር ብርሃንን የሚያንጸባርቅበት መጠን ስለሚለወጥ ሳይውጥ የዋጠ ሊመስል ይችላል።

ኢ-ፕራይምን በትክክል መቁጠር ከፈለጋችሁ ኢ.ፒ.አር (ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ) ነው መፍትሔው። ጥንድ የሌለውን ኤሌክትሮን በቀጥታ ያያል። ምልክቱ ጠባብ ነው፣ ጂ በሚባለው መለኪያ 2.001 አካባቢ ይቀመጣል። ችግሩ ቶሎ መጥገቡ ነው። የማይክሮዌቩን ኃይል ከፍ ካደረጋችሁት ምልክቱ ይጨፈለቅና ጉድለቱ ትንሽ ይመስላችኋል። ከአንድ ሚሊ ዋት በጣም ዝቅ በሉ፣ ኃይሉን በግማሽ ስትቀንሱ ምልክቱ በሚገባው ልክ መቀነሱን አረጋግጡ። ፐሮክሲና የተቆረጠው ድልድይ ግን ተቃራኒ ናቸው፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው፣ በርከት ባለ ኃይል ነው ጥሩ የሚታዩት። አንድ ጊዜ ለክቶ «ፐሮክሲ የለም» ማለት ስለዚህ አይቻልም። ኦክስጅን ባዶ ቦታው ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ከሆኑ ደግሞ ኢ.ፒ.አር ጭራሽ አያየውም።

መጠቅጠቁን ለማየት ሁሉም ወደ ራማን፣ ከናሙናው ተበትኖ የሚመለሰውን የሌዘር ብርሃን ወደሚያነበው መሣሪያ፣ ይሮጣል። የትናንሽ ቀለበቶቹ ምልክት 490 እና 606 ዌቭ ነምበር (በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) ላይ በግልጽ ይታያል፣ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን 0.1 ማይክሮሜትር ንብርብር ላይ ሌዘሩ አልፎ ከሥር ያለውን ጤነኛ መስታወት ነው የሚያነበው። ራማን ለሚሊዮን ቮልት አዮኖች ነው። ለቀጭን ንብርብር የኢንፍራሬድ ነጸብራቅ ይሻላል። 1100 ዌቭ ነምበር አካባቢ ሲሊካ ብርሃኑን በኃይል ስለሚውጥ ከገጹ ብዙም አይወርድም። ማዕዘኑ ሲጠብ ፒኩ ወደ ዝቅተኛው ዌቭ ነምበር ሲሸሽ ታያላችሁ።

ከሁሉ ግን እኔ የምወደው በተተኮሰውና በተሸፈነው ግማሽ መካከል የሚፈጠረውን እርከን ነው። ግማሹን የሸፈናችሁት ለዚህ ነበር። የተጠቀጠቀው ግማሽ ዝቅ ይላል። 3 በመቶ ከ0.15 ማይክሮሜትር ላይ ወደ 4.5 ናኖሜትር ነው። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ድንበሩን አቋርጣችሁ ቃኙት። ጠርዙ ስል ከነበረ እርከኑ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከ10¹² እስከ 10¹⁵ ያሉትን ናሙናዎች አሰልፋችሁ እርከኑን ብታነቡ ጥልቀቱ ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ ከዚያ ቀጥ ሲል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ስሪም ላይ ያሰላችሁት ቁጥር ጋ ቀጥ ካለ ሥራችሁ ልክ ነው። በጣም በከፍተኛ ዶዝ ገጹ በጨረሩ ራሱ መገፈፍ ይጀምራል፣ ያኔ እርከኑ የመጠቅጠቅ ብቻ አይሆንም።

የተጎዳ ሲሊካ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከጤነኛው በፍጥነት ይሟሟል። ስለዚህ ንብርብሩን በጥቂት ናኖሜትር እየላጡ በየደረጃው ኢ.ፒ.አር መለካት ይቻላል፤ ጉዳቱ በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ይነግራችኋል። አሲዱን ግን ብቻችሁን አትንኩት። ሲነካችሁ ወዲያው ላያም ይችላል፣ ግን ገብቶ አጥንት ድረስ ይደርሳል። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እጃችሁ በሚደርስበት ካልተቀመጠ ሥራው ይቅር።

ሙቀት ለይቶ ያወጣዋል

የመጨረሻው መለያ ምድጃ ነው። ከ200 ዲግሪ ጀምራችሁ በየ100 ዲግሪው ለግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ አቀዝቅዙት፣ ለኩት። የተሰበሩት ቦንዶች ጥቂት መቶ ዲግሪ ላይ መክሰም ይጀምራሉ። የኢ.ፒ.አር ምልክቱ ሲጠፋም እርከኑ ግን ንቅንቅ አይልም። መረቡ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው 900 እና 1000 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለቱን ኩርባዎች አንድ ወረቀት ላይ ስታስቀምጡ የትኛው ፒክ የማን እንደሆነ ይለያል። «ይሄ ፒክ የምንድነው?» ላሉኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይሄው ነው፤ አሞቁትና ከማን ጋር እንደሚሄድ እዩ።

ምድጃው ውስጥ ያለው አየር ለውጥ ያመጣል። ኦክስጅንና የውሃ ትነት ገብተው ጉድለቱን ይደፍናሉ። አየር ውስጥ ያሞቀ ሰውና ቫኪዩም ውስጥ ያሞቀ ሰው ውጤታቸው ባይገጥም መጣላት የለባቸውም።

ስለ ማስቀመጥ ደግሞ። ሃይድሮጅን ያለበት ሲሊካ በክፍል ሙቀትም ቢሆን ይለወጣል። ሃይድሮጅኑ እየተንሸራሸረ ኢ-ፕራይሞቹን ይዘጋቸዋል። ስለዚህ የተተኮሰበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን፣ የተለካበትንም ሰዓት ጻፉ። ኤንቨሎፑ ላይ የመስታወቱ ዓይነት፣ አዮኑ፣ ኢነርጂው፣ ዶዙ፣ የጨረሩ ፍሰት እና የትኛው ገጽ እንደተተኮሰ ይኑር። ገጹን የሚያሳይ ጭረት ጥጉ ላይ አድርጉ፤ እሱንም ሳይተኮስ በፊት።